ጎንደር ላይ «ካንሰር ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጠው የአልካላይን ውሃ ጆግ፦ ገዝተን ያየነው

ጎንደር ውስጥ ቤቱ የካንሰር ታማሚ ያለበት ሰው ሁሉ ይሄን ጆግ ሰምቶታል ብዬ እገምታለሁ፣ ካልሰማም አንድ ጎረቤት በቅርቡ ይነግረዋል። እኛ የገዛነው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ እቃው ራሱ በተለያየ ስም በየቦታው ስለሚዞር ነገሩ የአንድ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አደለም። ፕላስቲክ ጆግ ነው፣ ውስጡ በየጊዜው ሚቀየር ማጣሪያ አለው፣ ከሱ ጋር የሽንት መለኪያ ወረቀት፣ የሶዳ ዱቄት (ቤኪንግ ሶዳ) እና «እነዚህን አትብሉ» ሚል አንድ ገጽ ወረቀት ጨምረው ይሰጣሉ። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፦ እንደ ውሃ ማጣሪያ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፣ እንደ ካንሰር ህክምና ግን ምንም አልሰጠውም፣ ያቺ የምግብ ወረቀት ደግሞ እቤታችሁ ካለች ዛሬውኑ ቅደዷት።

የታመሙት አክስቴ ናቸው፣ እትዬ ነው ምንላቸው፣ ከዳባት መጥተው እኛ ጋ ተቀምጠው ነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለጡት ካንሰር ኬሞ ሚወስዱት። እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ነው ምሰራው፣ ፒኤች (አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ ወይ አልካላይን እንደሆነ ሚያሳየው ቁጥር፣ ዝቅ ሲል አሲድ ነው፣ ከፍ ሲል የአሲድ ተቃራኒው አልካላይን) መለካት የእለት ስራዬ ነው፣ ስለዚ ሱቁ ሲወራ አብሬ ልሂድ አልኩ። እትዬን አልፈርድባቸውም፣ ኬሞ ወስዶ ሚያውቅ ሰው ያቃል፣ ከመርፌው ቀጥሎ ባሉት ቀናት አፍ ሁሉ ብረት ብረት ሲል አንድ ሰው መጥቶ «ውሃ ብቻ ጠጥተው ይድናሉ» ቢላችሁ ማን ጆሮውን ይደፍናል።

ሱቁ ንጹህ ነው፣ አቀባበላቸውም ጥሩ ነው፣ ወንበር ሰጡን፣ ሚሸጠው ልጅም ጨዋ ነው። ሁለት የመስታወት ብርጭቆ አስቀመጠ፣ አንዱ ውስጥ የታሸገ ውሃ ሌላው ውስጥ ከጆጉ የወጣ ውሃ ቀዳ፣ ከትንሽ ጠርሙስ የሆነ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገባቸው፣ የታሸገው ቢጫ ሆነ የጆጉ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። «እናቴ ይኸውልዎት፣ ቢጫው አሲድ ነው፣ ካንሰር ሚኖረው እዚህ ውስጥ ነው፣ ሰማያዊው ውስጥ አንድ ቀን አያድርም» አላቸው። እትዬ ሰማያዊውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙት። ጠረጴዛው ላይ ለሻይ የተቆረጠ ሎሚ ነበር፣ ልጁን አስፈቅጄ ሰማያዊው ላይ ትንሽ ጨመቅ አረኩበት፣ ጠብታው ውሃውን እንደነካው ቀለሙ ከላይ ጀምሮ መፍዘዝ ጀመረ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ማንኪያ ሲዞርበት ደግሞ ሙሉው ቢጫ ሆነ። ልጁ ዝም አለ። ይሄ ቀለም ያሳየን ነገር የውሃው ፒኤች ከፍ ያለ ቢሆንም አሲድ ሚመክትበት አቅም የለውም ማለት ነው፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ካሸነፈችው ባዶ ጨጓራ ውስጥ ያለው ፒኤቹ ከ1.5 እስከ 3.5 ሚሆነው አሲድ ምን እንደሚያረገው መገመት ነው። ጉሮሮን አልፎ ሰማያዊ ሆኖ ሚቆይ ውሃ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ለማስተባበል ይቀል ነበር፣ ችግሩ ከእውነት ነው ሚነሳው። ካንሰር ዕጢ ዙሪያው አሲድ ነው፣ እውነት ነው። የደማችን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፣ ብዙ ዕጢዎች ውስጥ በሴሎቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ሲለካ ግን ከ6.5 እስከ 6.9 አካባቢ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ፒኤች ላይ አንድ ቁጥር መውረድ አሲዱን 10 እጥፍ ነው ሚያረገው፣ ከ7.4 ወደ 6.8 መውረድ ራሱ 4 እጥፍ ገደማ ነው። ይሄን መንገድ የጀመረው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ ነው፣ በ1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያለላቸው እንኳ ስኳርን እየሰነጠቁ ላክቲክ አሲድ በብዛት እንደሚያወጡ አየ። ሱቁ ውስጥ በቴሌቪዥን ሚያሳዩት ቪዲዮ «ዋርበርግ ካንሰር አልካላይን ውስጥ እንደማይኖር ስላገኘ ኖቤል ተሸለመ» ይላል፣ ውሸት ነው፣ በ1931 የተሸለመው ሴሎች ኦክስጅን ሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ባህሪ ስላገኘ ነው።

አሲዱን ሚሰራው ማነው ሚለው ነው ሁሉንም ነገር ሚገለብጠው። የምንበላው ምግብ አደለም፣ ዕጢው ራሱ ነው። የካንሰር ሴል ስኳሩን ያቃጥላል፣ ላክቲክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፣ ይሄ ውስጡ ቢጠራቀም ራሱን ይገድለው ነበር፣ ስለዚ ግድግዳው ላይ ባሉት ፓምፖች እየገፋ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻውን ጎረቤት ደጃፍ ላይ እንደሚደፋ ሰው በሉት። የዕጢ ደም ስሮች ደግሞ የተጣመሙና ሚያፈሱ ስለሆኑ ያን አሲድ ቶሎ ጠርገው አይወስዱትም፣ እዛው ይተኛል። ውጤቱ ምን ይሆናል፣ የካንሰር ሴል ውስጡ ከጤነኛ ሴል እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ አልካላይን ነው፣ ውጩ ነው አሲድ። «ካንሰር አልካላይን ውስጥ አይኖርም» ሚለው አባባል እዚች ላይ ነው ሚሞተው፣ ሴሉ ራሱ ውስጡ አልካላይን ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥም የካንሰር ሴል ሚራባው እንደ ደም ፒኤቹ 7.4 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ በደንብ ነው ሚራባው።

ያ ውጭ የተደፋው አሲድ ግን ቀላል ጉዳት አደለም ሚያደርሰው፣ ይሄን ስረዳ ነው እኔም ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት። አጠገቡ ያሉት ጤነኛ ሴሎች አሲዱን አይችሉትም ይሞታሉ፣ ካንሰሩ ለምዶታል፣ ሴሎችን አያይዞ ሚይዘውን መረብ ሚበሉ ኢንዛይሞች ደግሞ አሲድ ሲያገኙ ይነቃሉ፣ ስለዚ ቦታ ይከፈትለታል፣ ወደ ጎን ይገፋል፣ ወደ ሌላ አካል ለመሄድም መንገዱ ይቀለዋል። ሰውነታችን ካንሰርን ሚዋጋባቸው ቲ ሴሎች እዛ ሰፈር ሲደርሱ ላክቲክ አሲዱ ያደክማቸዋል፣ መግደል ያቅታቸዋል። ኬሞውም ይነካል። እትዬ ሚወስዱት ቀዩ መድሃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል፣ እሱ በኬሚስትሪው ደካማ ቤዝ (አልካላይን ወገን) ነው፣ አሲድ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፣ ቻርጅ የያዘ ነገር ደግሞ የሴሉን ስብ ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም፣ መድሃኒቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው። ሁሉም ኬሞ እንደዚህ አደለም፣ ደካማ አሲድ የሆኑት እንዳውም አሲድ ሰፈር ውስጥ የተሻለ ይገባሉ፣ ስለዚ «አሲዱን ማጥፋት ለሁሉም ኬሞ ይጠቅማል» ማለትም አይቻልም።

ታዲያ አሲዱን መቀነስ ቢቻል ጥሩ አደለም ወይ ብላችሁ ምትጠይቁ ትክክል ናችሁ፣ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። በ1999 አይጦች ላይ ሶዳ ተሰጥቶ ዶክሶሩቢሲን የተሻለ ሰራ ሚል ጥናት ወጣ፣ በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸው አይጦች ሶዳ የተቀላቀለበት ውሃ ሲጠጡ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል መሰራጨቱ ቀነሰ፣ ዋናው ዕጢ ግን ከማደግ አልቆመም። አይጦቹ የጠጡት ግን ከጆግ ሚወጣ ውሃ አደለም፣ ከባድ ሶዳ ነው፣ ያ ሰው ላይ ሲሞከር ጣዕሙንና ሆዱን ሚያረገውን ሰው መቻል አቅቶት ሙከራዎቹ ሳይዘልቁ ቆሙ። በ2016 ቻይና ውስጥ ሐኪሞች የጉበት ካንሰር ላይ ሌላ መንገድ ሞከሩ፣ ወደ ዕጢው ሚሄደውን ደም ስር በቀጭን ቱቦ ገብተው ሶዳውን ከኬሞው ጋር እዛው ዕጢው ላይ ለቀቁት፣ ተስፋ ሚሰጥ ውጤት አገኙ፣ ግን ጥቂት ሰው ላይ የተሰራ ነው። ልዩነቱን እዩት፣ እነሱ ዕጢው ድረስ ቱቦ አስገብተው ነው፣ ሱቁ በብርጭቆ ነው።

በብርጭቆ የጠጣነው ለምን አይደርስም ካላችሁ፣ ጨጓራን ቢያልፍ እንኳ ደም ላይ ሳንባና ኩላሊት ይጠብቁታል። ሳንባ ደም ውስጥ አሲድ ሚሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትንፋሽ ያወጣል፣ ኩላሊት የተረፈውን አሲድም ቤዝም በሽንት ያወጣል፣ የደም ፒኤች ከዛች ጠባብ መስመር እንዳይወጣ ቀን ከሌት ሚሰሩት እነሱ ናቸው፣ ፒኤቹ በእውነት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው ሚገኘው። የሽንት ወረቀቱም እዚህ ላይ ነው ሰውን ሚያታልለው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን ነክረው አረንጓዴ ሲሆን «ደሜ ጸዳ» ብለው ደስ ይላቸው ነበር፣ ወረቀቱ ሚለካው ግን ኩላሊት ምን አውጥቶ እንደጣለ ነው፣ ዕጢው አጠገብ ስላለው አንድም ነገር አይናገርም። እኔ ካንሰር የለብኝም ጆጉንም አልጠጣሁም፣ በጾም ጎመንና ድንች ስበላ ሰንብቼ ብለካ የኔም ሽንት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ አትክልት ሽንትን አልካላይን ማድረጉ የታወቀ ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን የምግብ ወረቀቷ ናት። እንጀራ የለም፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቡና የለም። ሚሸጠውን ልጅ እንጀራ ለምን ስለው «ይኮመጥጣል፣ የቦካ ነገር ሁሉ አሲድ ነው» አለ። እትዬም «እንጀራ ትቼ ምን ልብላ ልጄ» አሉት፣ «የጎመን ጭማቂና ይሄን ውሃ» አላቸው። አረ ሰው! ጎንደር ላይ ለዳባት ገበሬ ሴት እንጀራ አትብይ ማለት ምንም አትብይ ማለት ነው እኮ። እንጀራ ሚኮመጥጠው ሊጡ ሲቦካ በሚፈጠሩ አሲዶች ነው፣ እውነት፣ ግን ያ አሲድ ከጨጓራ አሲድ አይበልጥም፣ አንጀት ይፈጨዋል፣ ጉበት ያቃጥለዋል፣ እንደ አሲድ ሆኖ ተጉዞ ዕጢ አጠገብ ሚቀመጥበት መንገድ የለም። እትዬ ወረቀቷን አክብረው ያዙ፣ ሰውነታቸው መቅለሉ በነጠላቸው ስር ሁሉ ይታይ ነበር፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ሲመዘኑ ነርሷ ካርዱን ሁለቴ አየችው። ኬሞ መጠኑ ሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው፣ ደም ምርመራውም ጥሩ ካልሆነ መርፌው ይዘገያል፣ ስለዚ ታማሚን ማስራብ ማለት ህክምናውን ራሱን መንካት ነው። ሐኪሙ ወረቀቷን አይቶ የተናገረው ቃል አጭር ነው፣ «ይብሉ፣ እንቁላሉንም እንጀራውንም ሽሮውንም ይብሉ» ነው ያላቸው። እዛው ደጅ ሻይ ቤት ገብተን እንቁላል ፍርፍር አዘዝን።

ሶዳዋን በተመለከተ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። በቀን ብዙ ጊዜ በማንኪያ በጥብጠው እንዲጠጡ ነው ሚያዙት። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ውስጥ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ይሁን ነው ሚለው፣ ደም ግፊት፣ ልብ ወይ ኩላሊት ያለበት ሰው በሁለት ማንኪያ ምን ላይ እንደሚወድቅ አስቡት። ሲበዛ ፖታሲየም ይወርዳል፣ ጡንቻ ይይዛል፣ ልብ ምት ይዛባል፣ ኬሞ አስታውኮት ፖታሲየሙ ቀድሞ የወረደ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሚዋጡ የካንሰር ክኒኖች ለሚወስዱም ሌላ ችግር አለ፣ እንደ ኤርሎቲኒብና ዳሳቲኒብ ያሉት ጨጓራ ውስጥ አሲድ ይፈልጋሉ፣ የጨጓራ አሲድ በመድሃኒት ሲቀንስ ወደ ደም ሚገባው መጠን ይቀንሳል፣ ስለዚ ሶዳም ሆነ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ ሚቀንስ መድሃኒት) ምትወስዱ ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አትዋጡ።

ጆጉ እንደ ጆግ እንዴት ነው? ደህና ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሽታውን ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ እትዬም ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ተራ ውሃ ሲያስጠላቸው ይሄን ይጠጡት ነበር፣ ይሄን ጥቅሙን አልክድም፣ ፈሳሽ መጠጣት ራሱ ይጠቅማቸዋል። ክዳኑ ላላ ነው፣ ሲያጋድሉት ያፈሳል። ዋጋው ግን ለአንድ ፕላስቲክ ጆግ በጣም የተጋነነ ነው፣ መቀየሪያ ማጣሪያው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ከተማችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ከአንገረብ ግድብም ይምጣ ከጉድጓድ በርሜል ውስጥ ሰንብቶ ነው ብዙ ጊዜ ምንጠቀመው፣ ይሄ ጆግ ጀርም ይገድላል ሚል ነገር ካርቶኑ ላይ የትም አልተጻፈም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ በቀላሉ በኢንፌክሽን ይያዛል፣ ስለዚ አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ስጡ፣ ለታማሚው ከዚህ ጆግ የፈላ ውሃ ይሻለዋል።

«ፈረንጆቹ እኮ ይጠቀሙበታል» ምትሉ ካላችሁ፣ የዚህ ሀሳብ ትልቅ አሰራጭ የነበረው ሮበርት ያንግ ሚባል አሜሪካዊ ያለ ፈቃድ ሲያክም ተገኝቶ ጥፋተኛ ተብሏል፣ በ2018 ደግሞ በሱ ምክር ኬሞ ትታ የጡት ካንሰሯ ለገፋባት ሴት 105 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሳንዲያጎ ውስጥ ተፈርዶበታል። ቢኤምጄ ኦፕን ሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ በ2016 የወጣ ግምገማ ስለ አልካላይን ምግብና ውሃ ከካንሰር ጋር የተሰሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ መስፈርት ያሟላ አንድ ብቻ አገኘ፣ እሱም ግንኙነት የለም ነው ያለው።

ጸበል ለሚጠጡት አንድ ነገር ልበል፣ እትዬም ይጠጣሉ፣ ጸበሉ «ኬሞህን ተው፣ እንጀራህን ተው» ብሎ አያስገድድም፣ ካህኑም ሐኪም ቤት ሂዱ ነው ያሏቸው። ሱቁ ደግሞ ኬሞውን ተዉ ብሎ በቀጥታ አልተናገረም፣ ይሄን ለፍትህ ስል እጽፋለሁ፣ «ውሃውን መጀመሪያ ትንሽ ይሞክሩት፣ ኬሞው የትም አይሄድም» ነው ያለው። ካንሰር ግን ቆሞ አይጠብቅም፣ አንድ ዙር ማሳለፍ ማለት ዕጢው ያለ መድሃኒት እያደገ ሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ፣ እትዬ ቀጠሯቸውን አላሳለፉም፣ እግዜር ይመስገን።

የገዛችሁና መመለስ ምትፈልጉ፦ ማጣሪያው ካልተከፈተ ከነደረሰኙ ይቀበላሉ፣ የኛ ተከፍቶ ስለነበር ጆጉን አልተቀበሉንም፣ ያልተነኩትን የሶዳ ዱቄትና የሽንት ወረቀት ግን መልሰው ብሩን ሰጡን፣ ልጁም ሳይከራከር ነው የሰጠን። ማናጀሩን አናግሬ ግድግዳው ላይ ያለውን የካንሰር ፖስተር እንዲያወርዱ ጠይቄያለሁ፣ «እናስብበታለን» አለኝ፣ ይሄን እስከጻፍኩበት ድረስ እዛው ነው፣ ካወረዱት ገብቼ ይሄን ሪቪው አስተካክላለሁ።